ፍላጻው ቢሮ ነው የሚያድረው

«ቀስት» ሲባል እኔ ቶሎ የሚመጣልኝ ኪቦርድ ላይ ያሉት አራት ቁልፎች ናቸው። የመንገድ ምልክቱም ቀስት ነው፣ ስክሪን ላይ «ቀጥል» የሚለው አዝራር ላይ ያለውም ቀስት ነው። ቀስተ ደመና ስንል ግን የሚበረውን ሳይሆን የጎበጠውን ማለታችን ነው። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት እንግባባ፦ የሚጎብጠውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እላለሁ፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ቀስት። ደጋን የሚለውን የመረጥኩት መዝገበ ቃላት አይቼ አይደለም፣ አክስቴ እንደዚያ ስላለችው ነው። እሷ ጋ እመለሳለሁ።

ቀስት የፈለግኩት ዓሣ ለመውጋት ነው። ይሄን ስናገር ቢሮ ውስጥ የሳቁብኝን ሰዎች አልቀየምም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ ኮድ ሲጽፍ የሚውል ሰው ዓሣ የሚያገኘው ሰሃን ላይ ነው፣ ለዚያውም በጾም፣ «ዓሣ ይበላል አይበላም» የሚለው ክርክር ካለቀ በኋላ። ግን መጋቢት 2016 ላይ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ስለ ሽንፋ አንድ ጥናት አወጣ፤ እኔም በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ አነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ሽንፋ መተማ አካባቢ ያለ ወንዝ ነው። ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፣ መጨረሻው ዓባይ ነው። በበጋ ይደርቃል፤ ማለቴ መፍሰሱን ያቆማልና እዚህም እዚያም ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፐልማን ጋር የሠራው ቡድን፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ያሉበት፣ ወንዙ ዳር የጥንት ሰዎች ሰፈር ቆፈረ። አፈሩ ውስጥ ከሰው ፀጉር የቀጠነ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ተገኘ። ብርጭቆው የመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው፤ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሱማትራ ላይ ከፈነዳው ከቶባ። ከዚያ ንጣፍ በኋላ አገሩ የበለጠ ደረቀ፤ ይሄንን የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ኬሚስትሪ ነው የነገራቸው። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ዓሣ መብላት ጀመሩ። ከተለዩት የእንስሳት አጥንቶች ውስጥ የዓሣው ድርሻ ከ14 በመቶ ወደ 52 በመቶ ወጣ። ወንዙ ኩሬ ሲሆን ዓሣው ይታጎራል፣ የታጎረ ዓሣ ደግሞ ለመያዝ ይቀላል።

እዚያው ሰፈር የተገኙት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስሎች በመጠናቸውና በአሰባበራቸው የፍላጻ ጫፍ ይመስላሉ፤ እንደዚያ ከሆነ በዓለም ላይ ከሚታወቁት የቀስት ማስረጃዎች ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። ልብ በሉ፣ ጥናቱ «ዓሣውን በቀስት ወጉት» አይልም። ስሎቹ ለአውሬው፣ ዓሣው በሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል። ቀስትና ዓሣን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። እኔም አይደለሁ፣ አባቴ ነው።

ማታ አያት ያለው ቤታችን ገብቼ ለአባዬ ሳነብለት ጨርሼ እንኳ ሳልጨርስ «እኛ በለስ ላይ እንወጋ ነበር» አለኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

አባዬ የወሎ ልጅ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ከተወሰዱት በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች አንዱ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ፓዌን ብዙ ሰው የሚያውቀው በወባዋና በኋላ ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በሠራው የጣና በለስ ፕሮጀክት ነው። መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ ነበር ሰው የተወሰደው፤ ባዶ አልነበረም፣ ጉሙዞች ይኖሩበት ነበር። ከነሱ አንዱ የአባዬ እኩያ ነው። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ ስጠይቀው «ልጅ ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል» አለኝ። በበጋ በለስ ሲጠራ፣ ልጁ ድንጋይ ላይ ይቆማል፣ አይተነፍስም፣ ይለቃል። ብርብራ ወቅጠው ውሃው ላይ በትነው ዓሣውን የሚያሰክሩም ነበሩ፤ ልጁ ግን ያንን ይንቅ ነበር አሉ። አባዬ ሁለት በጋ ሲከተለው ከርሞ በሦስተኛው የራሱን ደጋን አገኘ። አንድ አምባዛ ወግቶ እናቱ ጋ ሲመጣ ዓሣ በልታ የማታውቀው አያቴ እባብ ነው ብላ ጮኸች።

«ታዲያ ለምን አንሠራም?» አልኩት። እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ ችግር ሲሰጠኝ ሌላ አልጠይቅም።

መጀመሪያ መግዛት ሞከርኩ። ቸርችል ጎዳና ላይ የቱሪስት ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቀስት አላቸው፤ አንዱን ትንሽ ሳብ ሳደርገው ሻጩ «ኧረ ተው ወንድሜ፣ ለማየት ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። ከውጭ ማስመጣትን አሰብኩና የዶላሩን ነገር አስቤ ተውኩት። የማስመጫ ገጾቹን ማንበቤ ግን ጠቀመኝ፤ ለዓሣ የሚሆን ደጋን ከሌላው የሚለየው በምን እንደሆነ ገባኝ። አውሬ ከሩቅ ይወጋል፣ ዓሣ ከሦስት ከአራት ሜትር ነው። ስለዚህ ፍጥነት ብዙም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከባድ ፍላጻ ውሃ ውስጥ እንዲገባ የሚገፋ ጉልበት ነው፣ ያም ቢሆን የሃምሳ ዓመት ሰው ትከሻ በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚችለው መሆን አለበት። አሜሪካኖቹ ከ35 እስከ 45 ፓውንድ ይላሉ፣ ከ16 እስከ 20 ኪሎ መሆኑ ነው። እኔ 16ን ያዝኩ። ዓሣ ላይ የሚተኮሰው ዒላማ ተይዞ ተቆይቶ አይደለም፣ ታየ፣ ተሳበ፣ ተለቀቀ ነው። ለዚህ በትንንሽ ጎማዎችና ሽቦዎች ከተሞላው ዘመናዊ ደጋን ይልቅ ተራው፣ አንድ እንጨትና አንድ ጅማት የሆነው ይሻላል። ጭቃ ቢገባው ታጥቦ ያልቃል።

እንጨቱ ላይ ከአባዬ ጋር ተከራከርን። እኔ ወይራ አልኩ፣ ዱላ ስለማውቅ። እሱ ሸመል አለ፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም፣ «ሸመል ነዋ!» ብቻ። ሄጄ አነበብኩ። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የቆላው ሸመል ግን ብዙ ጊዜ ድፍን ነው። የቀርከሃ ዘር በሙሉ ጥንካሬው ያለው ቆዳው ላይ ነው፣ ክሮቹ ወደ ውጭ ይጠጋጋሉ። ደጋን ሲሳብ ደግሞ የፊቱ ወገን ይለጠጣል፣ ወደ ሰውየው የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። ስለዚህ ቆዳውን ሳትነካ ወደ ፊት ታዞረዋለህ፣ የምትፍቀው ሆዱን ብቻ ነው። ድፍን ሸመል ለዚህ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። በአሶሳ መስመር የሚመላለስ የጭነት ሹፌር የማውቀው አለ፤ ሦስት ዘንግ አመጣልኝ። «ለድንኳን ነው?» አለ፣ አዎ አልኩት።

ርዝመቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አባዬ ሲስብ ጅማቱ 66 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ደጋኑ የዚያ እጥፍና ከዚያ ትንሽ በላይ መሆን አለበት፣ ካነሰ ይሰበራል። 155 አደረግነው። ከዚያ በረንዳ ላይ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ መፋቅ። አንድ ጊዜ ፍቆ ገመድ አስሮ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ በሻንጣ ሚዛን መሳብ፣ ማየት። ሁለቱ ክንዶች እኩል ካልጎበጡ ጠንካራውን ብቻ መፋቅ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ማጠፊያ ከታጠፈ አለቀለት፣ ዘንግ ሁለት ትጀምራለህ። የተፋቀ አይመለስም፤ ኮድ ቢሆን ወደ ትናንቱ ትመልሰዋለህ። እኔ በየሁለት ኢንቹ ያለውን ኪሎ ስፕሬድሺት ላይ እመዘግባለሁ፤ አባዬ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ሆዱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። «እዚህ ጋ ወፍራም ነው» ይላል። ሄጄ ግራፉን አያለሁ። እዚያ ጋ ወፍራም ነው።

ሆዱን በከሰል ምድጃ ላይ አድርቀነው፣ የጫማ ሰፊዎችን ወፍራም ክር ሰም ቀብተን ገምደን ጅማት ሠርተን፣ አራተኛው ቅዳሜ ላይ ወጠርነው። ሚዛኑ 15.5 አለ። አባዬ ያዘውና አልሳበውም፣ ዝም ብሎ አየው። የዚያን ጊዜ ነው አክስቴ የገባችው።

አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። አባዬ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ እሷ መተከል ቀረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ማሽላና ሰሊጥ አረሰች። እስከ 2013። የዚያን ዓመት መተከል ውስጥ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ታኅሣሥ ላይ ቡለን ወረዳ በኩጂ በምትባል ቀበሌ በአንድ ንጋት ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። ከዚያ በፊት ሚያዝያ 2011 ላይ ዳንጉር ላይ ሰው ሞተ፣ በቀሉ ተሻግሮ ጃዊ ላይ ምንም ያላደረጉ ጉሙዞች ተጨፈጨፉ። ሁለቱንም የምጽፈው አንዱን ብቻ መጻፍ ምን እንደሚያመጣ ስለማውቅ ነው። የአክስቴ ባል የሞተው በጥይት አይደለም። ይሄን ያህል ይበቃል። እሷን ሁለት ሌሊት ቤቱ ደብቆ በሦስተኛው ያሻገራት ጎረቤቷ ጉሙዝ ነው፤ እሱም ዛሬ የት እንዳለ አታውቅም።

ከኛ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ስለ መተከል ስታወራ ስለ ማንጎው ታወራለች።

በሩ ላይ ቆማ ደጋኑን አየችው። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ስለ ሽንፋ፣ ስለ 74 ሺህ ዓመት፣ አፌ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም። አልሰማችኝም። አባዬን ነው ያየችው። «አንተ፣» አለችው፣ «ይሄን ከኔ ጋር አንድ ጣራ ሥር ልታሳድር ነው?»

አባዬ የመለሰላትን ሰምቼ ገረመኝ። «እታለም፣ እሱ እኮ ልጅ ሆነን አብልቶናል» አለ። እሷም ታውቃለች፤ ያ በበለስ ድንጋይ ላይ የሚቆመው ልጅ ለሷም ዓሣ ሰጥቷት ያውቃል። እውነት ነው አላለችም፣ ውሸት ነውም አላለችም። ክፍሏ ገባች። ሁለት ቀን ምሳም እራትም ለብቻዋ በላች፣ እኛ ቤት ውስጥ ይሄ ሆኖ አያውቅም።

እኔ ደጋኑን ቢሮ ልወስደው ፈለግኩ። አባዬ እምቢ አለ። መጀመሪያ ግትርነት መሰለኝ፤ በኋላ ሳስበው እሱም የራሱ ሐዘን አለው። የልጅነቱ ደስታ ያለበት ቦታና የእህቱ ሕይወት የፈረሰበት ቦታ አንድ ቦታ ነው። ደጋኑን ደብቆ ቢያስቀምጠው ልጅነቱን አሳልፎ እንደሰጠ ሊሆንበት ነው። አውጥቶ ቢሰቅለው ደግሞ እህቱ አለች። ለዚህ ዓይነት ነገር እኔ የማውቀው መፍትሔ የለም፤ ሥራዬ ላይ ሁለት ነገር ሲጋጭ አንዱ ይሰረዛል።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ጥ... ጥ... ጥ... የሚል። አክስቴ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ ደጋኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጅማቱን በጣቷ ትመታዋለች። ጥጥ ሲነደፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተፈለቀቀው ጥጥ ላይ ጅማቱ ይመታል፣ ጥጡ እንደ ደመና ይነሳል፣ ከዚያ ነው ወደ እንዝርት የሚሄደው። ያ መሣሪያ ስሙ ደጋን ነው። ወሎ እያለች ጀምሮ ስትነድፍ ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲላላ ጆሮዋ ያውቀዋል።

«ላልቷል» አለችኝ። «ክሩን አላጠበቃችሁም። ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንደተወጠረ ለምን ተዋችሁት? ደጋን ሳይፈታ አያድርም፣ ጎብጦ ይቀራል።»

ትክክል ናት፣ በየገጹ የሚጻፈው የመጀመሪያው ምክር ነው። ተወጥሮ ያደረ እንጨት ጉልበቱ ይሞታል። ፈታሁት። የተፈታ ደጋን ዱላ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አቆመችውና፣ «ይሄ ይቀመጥ» አለች። «ፍላጻው ግን እዚህ ቤት አያድርም። አንድም።»

በዚህ ተስማማን።

ፍላጻዎቹን የሠራሁት ስለዚህ ቢሮ ነው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ። የዓሣ ፍላጻ ላባ የለውም፤ ውሃ ውስጥ ላባ ምን ይሠራል? ክብደት ነው የሚፈልገው። ለጫፉ ገርጂ አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ ስምንት ቁጥር ፌሮ በአሥር ሴንቲ ቆርጦ እንዲያሾልልኝና ሁለት ተመላሽ እሾህ እንዲበይድበት ጠየቅሁት። ኮንትራክተር ሁሉ እንደሚያውቀው ስምንት ቁጥር በሜትር 395 ግራም ነው፣ አሥር ሴንቲው 40 ግራም መጣ። ቀጭን ሸመል ዘንጉ ሲጨመር 75 ግራም ገደማ። ለዒላማ ስፖርት ከሚወረወረው ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፣ ከአራት ሜትር ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን እንዳታልፉት። ዓሣው ይዞት እንዳይሄድ ፍላጻው በክር ይታሰራል፤ ክሩ የሚታሰርበት ቦታ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከኋላ፣ ጅማቱ ከሚገባበት ጎን ካሰርከው ክሩ ጅማቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል፤ ያኔ ፍላጻው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፣ ወደ ፊትህ። መፍትሔው ቀላል ቀለበት ነው። ክሩን ዘንጉ ላይ በምትንሸራተት ቀለበት ታስረዋለህ፤ ሲሳብ ቀለበቷ ከደጋኑ ፊት ትቆያለች፣ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ተንሸራታ መጨረሻው ላይ ባለው ማገጃ ትያዛለች። ክሩ ጅማቱን ፈጽሞ አይነካም። ቀሪው ክር ደጋኑ ላይ በታሰረ ሃይላንድ ላይ ተጠቅልሎ ያለ ምንም መሰናክል ይፈታል። ሃይላንዱ የአንድ ሊትር ተኩሉ ይሁን፣ ግማሽ ሊትሩ ይጠባል።

የውሃው ማታለል ላይ ደግሞ ኮድ ጻፍኩ፣ እንዴት አልጽፍ። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚሰበር ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ፍላጻው ግን አይሰበርም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አርባ ሴንቲ ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣን በ45 ዲግሪ ብታየው፣ ያየኸው ላይ የለቀቅከው ፍላጻ ከዓሣው በላይ በ15 ሴንቲ ያልፋል። በቀጥታ ከላይ ካየኸው ልዩነቱ ዜሮ ነው። ሠንጠረዡን ለአባዬ አሳየሁት። ትንሽ አየውና «ልጁ ‹ከሆዱ በታች ያለውን ውሃ ውጋ› ይለኝ ነበር» አለ።

ቆቃ የሄድነው አንድ እሁድ ነው። ቆቃን የመረጥነው ካርፕ ስላለበት ነው። ካርፕ ከውጭ የገባ ዓሣ ነው፣ አሜሪካም በቀስት በብዛት የሚወጋው እሱ ነው፤ ዳር ዳሩን ጭቃ ሲቆፍር ጀርባው ይታያል። አስጋሪዎቹን አስፈቅደን፣ ጉማሬው የት እንዳለ ጠይቀን፣ በእግር ዳር ያዝን። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ከአሥር ሴንቲ በታች ምንም አይታይም፣ አሥር ሴንቲ ላይ ደግሞ የኔ ስሌት የሚለው አራት ሴንቲ እንኳ አይሞላም። ሠንጠረዤ ለበለስ ነበር የሚሆነው።

አባዬ ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ጠቀለለ። ሰባት ጊዜ ሳተ፤ አስጋሪዎቹ በሳተ ቁጥር ያጨበጭባሉ፣ አንዱ «አባት፣ መረብ ላበድርዎት?» ይላል። እኔ ክሩን እየጠቀለልኩ ነው፣ ሥራዬ እሱ ነበር። ስምንተኛው ላይ ቆመ። ትንፋሹን ሲይዝ አየሁት። ከኋላው ሆኜ የማየው ጀርባ የአባቴ ጀርባ መሆኑን ለአፍታ ተጠራጠርኩ። ክሩ ከሃይላንዱ ላይ ሽው ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ተወጠረ፣ ከዚያ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ።

ሁለት ኪሎ ገደማ ካርፕ ነው፣ አጥንት የበዛበት። አስጋሪዎቹ «ይሄ ለሾርባ ነው» አሉን።

መንገድ ላይ አክስቴ ደወለች። አባዬ ስፒከር ላይ አደረጋት። «አገኛችሁ?» አለች። አገኘን አላት። ስንት? አንድ። «ለአንድ ዓሣ ነው ይሄ ሁሉ?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ቃሪያ ቤት የለም፣ ስትመጡ ያዙ አለች። ሊዘጋው ሲል «ደጋኑን ፈታችሁት?» አለች። ፈተነዋል፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል።

ወደ አያት ከመታጠፋችን በፊት ቦሌ መሄድ ነበረብን። እሁድ ማታ፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሊፍት አይሠራም። አባዬ ዓሣውን በበረዶ ይዞ መኪና ውስጥ ቀረ። ጥበቃው በባትሪ አየኝ፣ ፍላጻዎቹን አየ፣ ምንም አልጠየቀኝም፤ ለምዶኛል። ሰባት ፎቅ ወጥቼ ዴስኬ ሥር አስቀመጥኳቸውና ወረድኩ።